ለሮቶ ውሃ፣ ለግቢ መብራትና ለእጅ ቧንቧ የትኛው ሴንሰር ይሻላል? የክሩ ምላሾች በተራ

መነሻ ጥያቄ

የዚህ የመድረክ ክር፣ ማለትም በአንድ ጥያቄ ሥር የተከታተሉ መልሶች፣ ጠያቂ በአንድ አርዱኢኖ ኡኖ (ሴንሰር አንብቦ ዕቃ የሚያዝ ትንሽ የኮምፒውተር ሰሌዳ) ሦስት ሥራ ለመሥራት ተነሥቷል። አንደኛ፣ ጣሪያ ላይ ያለ ባለ 2,000 ሊትር ሮቶ ውስጥ ውሃው የት እንደደረሰ እየለካ፣ ሲሞላ ፓምፑን እንዲያጠፋለት። ሁለተኛ፣ ሲመሽ የግቢውን መብራት እንዲያበራ። ሦስተኛ፣ እጅ ሲጠጋ የሚከፈት ቧንቧ። ከጥያቄው ጋር ጠንከር ያለ አቋምም አያይዟል፦ ቪኤል53ኤል0ኤክስ የሚባለው የሌዘር ርቀት መለኪያ በሚሊ ሜትር ስለሚያነብ ለውሃውም ለእጁም ይበቃል፤ ኤልዲአር (ብርሃን ሲለዋወጥ መቋቋሙ የሚለዋወጥ ሬዚስተር) ግን ጊዜው ያለፈበት ስለሆነ ማንም ሊጠቀምበት አይገባም። በለጠፈው ኮድ ውስጥ መብራቱ የሚበራበት የብርሃን ንባብ ወሰን 500 ነው። ለምን 500 እንደሆነ ግን አልጻፈም። ክሩን ያስረዘመው ይህ አቋም ነው።

ምላሽ 1

የመጀመሪያው መላሽ በትሕትና ሦስት ነገር ጠየቀ፦ የሮቶው ቁመት፣ ከሮቶው እስከ ቦርዱ የሚሄደው ሽቦ ርዝመት፣ የግቢው አምፖል ዓይነት። ከዚያ ወደ ሌዘሩ ገባ። ቪኤል53ኤል0ኤክስ ዓይን የማያየውን የ940 ናኖሜትር ብርሃን ልኮ፣ ተመልሶ እስኪመጣ የወሰደውን ጊዜ ወደ ርቀት ይቀይራል። ግድግዳ ብርሃኑን በየአቅጣጫው ስለሚበትነው የሚበቃው ያህል ወደ ሴንሰሩ ይመለሳል። የረጋ ውሃ ግን ቀጥ ብሎ ከወረደበት ብርሃን 2 በመቶ ገደማውን ብቻ ይመልሳል፤ ሴንሰሩ ትንሽ ካዘነበለ ያም ወደ ሌላ አቅጣጫ ይሄዳል። የቀረው ወደ ውስጥ ይገባል። ውሃው ጥልቅ ከሆነ እዚያው ይዋጣል፤ ጥቂት ከሆነ ደግሞ ከሮቶው ወለል ተመልሶ የተሳሳተ ርቀት ይሰጣል። ለውሃ በድምፅ የሚሠራ ሴንሰር እንደሚሻል ጠቁሞ አበቃ።

ምላሽ 2

ሁለተኛው ይህን ደግፎ በድምፅ ርቀት የሚለካውን ኤችሲ-ኤስአር04ን መከረ፤ አሠራሩንም በቁጥር አስቀመጠ። ትሪግ የተባለው የማስነሻ ፒን (የሽቦ መገናኛ እግር) ለ10 ማይክሮ ሰከንድ ከፍ ሲል ሞጁሉ 40 ኪሎ ኸርዝ የሆኑ 8 ምቶችን ይልካል፤ ኢኮ ፒኑ ድምፁ ደርሶ እስኪመለስ ከፍ እንዳለ ይቆያል። ያንን ጊዜ በማይክሮ ሰከንድ ለክቶ ለ58 ማካፈል ርቀቱን በሴንቲ ሜትር ይሰጣል። በሁለት ልኬቶች መካከል ቢያንስ 60 ሚሊ ሰከንድ መቆየት ያስፈልጋል፤ አለበለዚያ የፊተኛው ማሚቶ ከኋለኛው ጋር ይደባለቃል። የድምፁ ስፋት 15 ዲግሪ ነው ተብሎ ቢጻፍም ደካማ ማሚቶ ከዚያ ወጣ ካለ ቦታም ስለሚመለስ፣ የሮቶው ግድግዳ ላይ ያሉት ሽንሽኖች እንዳያሳስቱ ሴንሰሩን ከግድግዳው ቢያንስ 30 ሴንቲ ሜትር ማራቅ ይበጃል። ባለ 3.3 ቮልት ቦርድ ለሚጠቀም ደግሞ አንድ ማስጠንቀቂያ ጨመረ፦ የኢኮ ፒኑ የሚያወጣው 5 ቮልት ስለሆነ በ1 ኪሎ ኦምና በ2 ኪሎ ኦም ሬዚስተር ከፋፍሎ መቀነስ ግድ ነው። ለኡኖ ይህ አያስፈልግም።

ምላሽ 3

ሦስተኛው፣ የሁለተኛው አሠራር ትክክል ቢሆንም የመረጠው ዕቃ ሮቶ ውስጥ እንደማይበረክት አስተካከለ። የኤችሲ-ኤስአር04 ሁለት ዓይኖች ፊታቸው ክፍት ነው። ቀን ሲሞቅ ከውሃው የሚነሣው እንፋሎት ማታ ክዳኑ ላይ ጤዛ ሆኖ ይቀመጣል፤ ሴንሰሩም አብሮ ይረጥባል፣ እግሮቹ ይዝጋሉ። ለዚህ የተሠራው ባለ አንድ ዓይን፣ ውሃ የማያስገባው ጄኤስኤን-ኤስአር04ቲ ነው። የእሱ ጉድለት ከ20 እስከ 25 ሴንቲ ሜትር የሚደርስ የማያይበት ክልል መኖሩ ነው፤ ውሃው ከዚያ በላይ ከተጠጋው ንባቡ ትርጉም የለውም። ስለዚህ ክዳኑ ላይ 160 ሚሊ ሜትር ስፋትና 25 ሴንቲ ሜትር ርዝመት ያለው የፒቪሲ ቱቦ ቁራጭ አቁሞ ሴንሰሩን ከቱቦው አናት ላይ ማሰር አለ። የቱቦው የታችኛው ጠርዝ በሞረድ ለስልሶ ካልተስተካከለ ራሱ ማሚቶ ይመልሳል። የሴንሰሩን ዓይን ከሰሌዳው ጋር የሚያገናኘውን ሽቦ ማስረዘም አይገባም፤ የሚያልፍበት ምልክት ደካማ ስለሆነ ጫጫታ ያነሣል። ማስረዘም ካስፈለገ ከሰሌዳው ወደ አርዱኢኖ የሚሄደውን ነው። የትሪግ ምቱንም 20 ማይክሮ ሰከንድ ማድረግ ምንም ጉዳት የለውም፤ አንዳንዶቹ ሞጁሎች በ10 ብቻ አይነቁም።

ምላሽ 4

አራተኛው አዲስ ነገር አመጣ። አዲስ አበባ ከባሕር ወለል ከ2,300 ሜትር በላይ ላይ ስለምትገኝና አየሩ ስስ ስለሆነ ድምፅ በዝግታ ይጓዛል፤ ስለዚህ ለ58 ማካፈሉ ለእኛ አይሠራም፣ ቁጥሩ ከፍ ማለት አለበት ሲል ጻፈ። ማስረጃ አላቀረበም። ሆኖም ብዙ ሰው የተቀበለው ይመስል ነበር፤ ቀጥሎ ያለው ምላሽ ባይመጣ ስሕተቱ ከመድረክ መድረክ ይዛመት ነበር።

ምላሽ 5

የአምስተኛው ምላሽ ጸሐፊ ሳትቆጣ፣ ግን ሳታመነታ አረመችው። የድምፅ ፍጥነት በአየር ውስጥ የሚወሰነው በሙቀት ነው። ከፍታ ሲጨምር የአየሩ ግፊትም ክብደትም አብረው ስለሚቀንሱ ውጤታቸው ይጣፋል፤ በተመሳሳይ ሙቀት ድምፅ በአዲስ አበባም በጅቡቲም እኩል ይጓዛል። ሙቀቱ ሲለያይ ግን ፍጥነቱ ይለያያል። ቀመሩ 331.3 ሲደመር 0.606 ጊዜ ሙቀቱ በሴልሺየስ ነው፤ መልሱ በሰከንድ ስንት ሜትር እንደሆነ ይነግራል። በ10 ዲግሪ 337.4፣ በ20 ዲግሪ 343.4፣ በ35 ዲግሪ ደግሞ 352.5 ይሆናል። ለ58 ማካፈል 20 ዲግሪን ገደማ የያዘ ስሌት ስለሆነ፣ ድሬዳዋ ላይ በ35 ዲግሪ 2 ሜትር የሆነው ርቀት 5 ሴንቲ ሜትር ያህል አጥሮ ይነበባል።

የሮቶው ውስጥ አየር ከውጭው እንደሚለይም አስታወሰች፤ ፀሐይ የመታው ጥቁር ሮቶ እኩለ ቀን ላይ ከውጭው በጣም ይሞቃል። ዲኤስ18ቢ20 የተባለውን ውሃ የማይገባው ቴርሞሜትር በ4.7 ኪሎ ኦም ሬዚስተር አገናኝቶ እዚያው አየር ውስጥ ማንጠልጠል፣ ከዚያም ጊዜውን በፍጥነቱ አባዝቶ ለ20,000 ማካፈል ርቀቱን በሴንቲ ሜትር ይሰጣል። ፓምፕ ለማጥፋት ብቻ ከሆነ ግን 5 ሴንቲ ሜትር ስሕተት ምንም ስለማይጎዳ ቴርሞሜትሩን መተው ይቻላል አለች። በዚህ ክር ውስጥ ከሰፈሩት መልሶች ሁሉ የዚህችን ጸሐፊ ያህል ቁጥርንና ፍርድን አብሮ የያዘ አላየሁም።

ምላሽ 6

ስድስተኛው ወደ ኮዱ ገባ፤ እዚህ ላይ ጉዳዩ ከበድ ይላል። የኢኮ ፒኑን ጊዜ የሚለካው ፐልስኢን የሚባለው ትእዛዝ ማሚቶ ካላገኘ እስከ 1 ሰከንድ ድረስ ይጠብቃል፤ በዚያ ሁሉ ጊዜ ቦርዱ ሌላ ሥራ አይሠራም። ስለዚህ ሦስተኛ ቁጥር ጨምሮ የጥበቃውን ጊዜ በ30,000 ማይክሮ ሰከንድ መገደብ ያስፈልጋል፤ ይህ ለ5 ሜትር ርቀት ይበቃል። ማሚቶ ሳይመጣ ጊዜው ካለቀ ትእዛዙ 0 ይመልሳል። ያ 0 ርቀቱ አልታወቀም ማለት ነው፤ ውሃው ሴንሰሩን ነክቷል ማለት አይደለም። የጠያቂው ኮድ ግን 0ን እንደ ርቀት ቆጥሮ ሮቶው ሞልቷል ብሎ ይደመድማል። ውሃው ሲገባ ፊቱ ይናወጣል፣ አረፋ ይነሣል፤ ማሚቶ የሚጠፋው በዚያ ሰዓት ነው። ስለዚህ ፓምፑ በጀመረ ቁጥር ወዲያው ይጠፋል።

ሁለተኛው ጉዳይ አማካይ መውሰድ ነው። አምስት ንባብ ተወስዶ 82፣ 83፣ 82፣ 214 እና 83 ቢመጣ አማካዩ 108.8 ይሆናል፤ ይህ ከየትኛውም ንባብ ጋር የማይገናኝ ቁጥር ነው። አምስቱን ከትንሽ ወደ ትልቅ ደርድሮ መሃል ያለውን መውሰድ ግን 83 ይሰጣል። የዚህ ሴንሰር ስሕተት ጥቂት በጥቂት የሚንሸራተት ሳይሆን ድንገት ርቆ የሚወረወር ስለሆነ፣ ለእሱ የሚሆነው ይህ የመሃል ቁጥር፣ ማለትም ሚዲያን ነው። አምስት ንባብ በ60 ሚሊ ሰከንድ ልዩነት 300 ሚሊ ሰከንድ ብቻ ይፈጃል፤ ለሮቶ ይህ ምንም አይደለም።

ምላሽ 7

ሰባተኛው ለኤልዲአር ጠበቃ ሆኖ ቀረበ። በየሱቁ የሚገኘው ጂኤል5528 በ10 ሉክስ ብርሃን ከ8 እስከ 20 ኪሎ ኦም መቋቋም አለው። አንዱን እግር 5 ቮልት ላይ፣ ሌላውን በ10 ኪሎ ኦም ሬዚስተር በኩል ግራውንድ ላይ አስሮ መሃሉን ኤ0 ፒን ላይ ማንበብ፤ ሲጨልም ቁጥሩ ይወርዳል። በዚህ አገናኝ 500 የሚለው ንባብ የኤልዲአሩ መቋቋም 10.5 ኪሎ ኦም ገደማ መድረሱን ይናገራል። ከአንድ ፓኬት የወጡ ሁለት ኤልዲአሮች ግን በአንድ ብርሃን እጥፍ ሊለያዩ ይችላሉ፤ ስለዚህ የሌላ ሰው 500 ለሌላው ምሽት አይሆንም። ሰሌዳው ከተተከለ በኋላ በሲሪያል ሞኒተር (የቦርዱን ቁጥሮች ኮምፒውተር ላይ በሚያሳየው መስኮት) ንባቡን እያዩ፣ መብራት ያስፈልጋል በተባለበት ሰዓት የታየውን ቁጥር መውሰድ ነው መንገዱ።

አንድ ወሰን ብቻ ማስቀመጥ ሌላ ችግር ያመጣል። ንባቡ 499 እና 501 መካከል ሲዋልል ሪሌው፣ ማለትም በቦርዱ ትንሽ ኃይል ትልቁን ኤሌክትሪክ የሚያበራውና የሚያጠፋው ማብሪያ፣ ያለማቋረጥ ይንጫጫል፤ የሪሌው መገናኛዎችም ይቃጠላሉ። ከ300 ሲወርድ ማብራት፣ ከ500 ሲያልፍ ማጥፋት፣ በመሃሉ ያለውን እንደነበረ መተው፤ በዚያ ላይ ንባቡ ለ60 ሰከንድ ካልጸና ምንም አለመለወጥ። ያን ጊዜ የመኪና መብራት ግድግዳውን ቢያልፍበትም አይታለልም። በሉክስ መለካት ለሚፈልግ ቢኤች1750 አለ፤ እስከ 65,535 የሚደርስ ባለ 16 ቢት ቁጥር ይሰጣል፣ ያንን ለ1.2 ማካፈል ሉክሱን ያወጣል። ለግቢ መብራት ግን ትርፍ ወጪ ነው አለ።

ምላሽ 8 እና 9

እስከዚህ ድረስ ሁሉም በእርስዎ ነበር የሚነጋገረው። ስምንተኛው መጥቶ ይህ ሁሉ የጊዜ ብክነት ነው፣ ፀሐይ ስትጠልቅ ራሱ የሚያበራ ፎቶሴል ማብሪያና ተንሳፋፊ ኳስ ያለው የፓምፕ ማብሪያ በየመደብሩ ይሸጣል፣ ገዝታችሁ አርፋችሁ ተቀመጡ አለ። ዘጠነኛው መልሱን በአንተ ጀመረለት፤ ለመማር የመጣን ሰው ማሸማቀቅ ነውር እንደሆነ ነግሮ፣ መግዛት የሚፈልግ ሰው እዚህ ምን እንደሚፈልግ ጠየቀው። ሁለቱ በዚያው ጥቂት ከተወራወሩ በኋላ አቆሙ። ስምንተኛው አነጋገሩ ቢከፋም ስለ ተንሳፋፊው የተናገረው እውነት ነበር፤ ቀጥሎ የመጣው ሰው ያንን አንሥቶ ጥሩ ቦታ አደረሰው።

ምላሽ 10

አሥረኛው ስለ 220 ቮልት ጻፈ። የኡኖ አንድ ፒን በደኅና ሊሰጥ የሚችለው 20 ሚሊ አምፔር ነው፤ 40 የመጨረሻው ጣሪያ ነው። የ5 ቮልት ሪሌ ጥቅል (ኮይል) ግን 70 ሚሊ አምፔር ገደማ ይስባል። ስለዚህ ባዶ ሪሌ በቀጥታ ፒን ላይ አይታሰርም፤ ትራንዚስተርና በጥቅሉ ላይ ተገልብጦ የሚቀመጥ 1ኤን4007 ዳዮድ ያስፈልጋሉ። ሰማያዊዎቹ የሪሌ ሞጁሎች ይህን ይዘው ይመጣሉ።

በሞጁሉ ላይ 10 አምፔር ተብሎ የተጻፈው ለአምፖል እንጂ ለሞተር የሚታመን አይደለም። የ1 ፈረስ ጉልበት ፓምፕ ሲሠራ 5 ወይም 6 አምፔር ቢወስድም ሲነሣ የዚያን ብዙ እጥፍ ይስባል፤ የሪሌው መገናኛዎች ተጣብቀው ይቀራሉ፣ ፓምፑም ኮዱ ጥፋ ቢለውም አይጠፋም። ትንሿ ሪሌ የኮንታክተሩን (ለሞተር የሚሆነውን ትልቅ ሪሌ) ጥቅል ብቻ ታብራ፤ የፓምፑን ኃይል ኮንታክተሩ ይሸከም። ስምንተኛው የጠቀሰውን ተንሳፋፊ ማብሪያ ደግሞ ከኮንታክተሩ ጥቅል ጋር በተከታታይ አስሮ ከሙሉው መጠን 5 ሴንቲ ሜትር ከፍ ብሎ መስቀል ነው። ሴንሰሩ ቢሳሳት፣ ቦርዱ ሥራ ቢያቆም፣ ኮዱ ቢበላሽ ተንሳፋፊው ያቆመዋል። የ220 ቮልቱን ክፍል በተለየ ሳጥን ማድረግና በአርሲዲ ማለትም መሬት የነካ ኤሌክትሪክን በሚቆርጥ ብሬከር በኩል ማሳለፍ ግዴታ እንደሆነ ጽፎ፣ ይህን መሥራት የማያውቅ ኤሌክትሪሺያን ይጥራ አለ። ይህ ክፍል ሰው ሊሞትበት የሚችል ስለሆነ ከእሱ ቃል ምንም አልቀነስኩም።

ምላሽ 11

አሥራ አንደኛው ስለ መብራት መጥፋት ጨመረ። ብዙዎቹ የሪሌ ሞጁሎች የሚበሩት ፒኑ ዝቅ ሲል ነው። መብራት ሄዶ ሲመጣ ቦርዱ እንደገና ይነሣል፤ ኮዱ ፒኑን መጀመሪያ መውጫ (አውትፑት) ካደረገው በኋላ ከፍ ካደረገው፣ በመሃሉ ላለችው ቅጽበት ፒኑ ዝቅ ብሎ ፓምፑን ነክቶ ይለቀዋል። ትእዛዙን ማገላበጥ ነው መፍትሔው፦ አስቀድሞ ዲጂታልራይት ከፍ፣ ቀጥሎ ፒንሞድ መውጫ። ቦርዱ ከተነሣ በኋላም ቮልቴጁ እስኪረጋ 2 ወይም 3 ደቂቃ ሳይጠብቁ ፓምፕ አለማስነሣት።

ምላሽ 12

አሥራ ሁለተኛው ከአሜሪካ የሚጽፍ ሰው ነው። ኤልዲአር ትቶ በፎቶዳዮድ (ለብርሃን ለውጥ በጣም ፈጣን በሆነ ሴንሰር) ብርሃን የሚለካ ኮድ አካፈለ፤ ንባቡን በ16.7 ሚሊ ሰከንድ ውስጥ እየሰበሰበ አማካይ የሚወስድ ነው። ምክንያቱ የአምፖል መርገብገብ ነው።

ምላሽ 13

አሥራ ሦስተኛው ኮዱ ጥሩ ሆኖ ለኢትዮጵያ ግን መስተካከል እንዳለበት በአክብሮት አሳየ። አሜሪካ ውስጥ የኤሌክትሪኩ ድግግሞሽ 60 ኸርዝ ስለሆነ አንድ ዙር 16.7 ሚሊ ሰከንድ ነው፤ እዚህ 50 ኸርዝ ስለሆነ 20 ሚሊ ሰከንድ ነው። አምፖል በአንድ ዙር ሁለት ጊዜ ይደምቃል፤ ስለዚህ እዚህ በሰከንድ 100 ጊዜ ይርገበገባል። የመሰብሰቢያው ጊዜ ከዙሩ ጋር ካልገጠመ አማካዩ ራሱ ይዋልላል። 100 ሚሊ ሰከንድ ቢደረግ ለ50 ኸርዝ አምስት፣ ለ60 ኸርዝ ስድስት ሙሉ ዙር ስለሚሆን ለሁለቱም አገር ያገለግላል። ኤልዲአር ራሱ በአሥር ሚሊ ሰከንዶች የሚዘገይ ስለሆነ መርገብገቡን በከፊል ያለሰልሰዋል፤ ፎቶዳዮድ ግን ሁሉንም ያያል።

እዚያው ላይ ብዙ ሰው የሚወድቅበትን ጉዳይ አነሣ፤ ሴንሰሩ ራሱ ያበራውን አምፖል ካየ ነጋ ብሎ ያጠፋዋል፣ ሲያጠፋው መሸ ብሎ ያበራዋል። የሁለት ወሰን ዘዴ ይህን አይፈታም፤ አምፖሉ የሚጨምረው ብርሃን ከሁለቱ ወሰኖች ልዩነት ይበልጣልና። ኤልዲአሩን ጥቁር ቱቦ አልብሶ ወደ ሰማይ ማዞርና ከአምፖሉ በጣሪያ ክዳን መጋረድ ያስፈልጋል።

ምላሽ 14

ጠያቂው ተመለሰ። የሮቶው ቁመት 150 ሴንቲ ሜትር፣ የሽቦው መንገድ 12 ሜትር ነው። ለሮቶው ድምፁን ተቀብሏል፤ ቪኤል53ኤል0ኤክሱ ግን ለእጅ ቧንቧ በሞከረበት ጊዜ ምንም ቢቀርብለት 8190 እያለ እንደሚቀር፣ ሁለት ሴንሰር ሲያስር ደግሞ አንዱም እንደማይመልስ ጻፈ።

ምላሽ 15

አሥራ አምስተኛው ሁለቱንም ፈታለት። 8190 የሚለው ቁጥር ምንም የሚታመን ርቀት አልተገኘም የሚል ምልክት ነው፤ በሚሊ ሜትር ተወስዶ ወደ 8 ሜትር መተርጎም የለበትም። ቅርብ ነገር ፊት እያለ ከመጣ መጀመሪያ መታየት ያለበት ከፋብሪካ ሲወጣ በሴንሰሩ ዓይን ላይ የሚለጠፈው ስስ ፕላስቲክ ነው፤ በጥፍር ይነሣል። ቀጥሎ የተጋረደበት መስታወት። ፕላስቲኩ ወይም መስታወቱ ከዓይኑ 1 ሚሊ ሜትር በላይ ከራቀ የላከው ብርሃን ከውስጥ ተንጸባርቆ ይመለስበታል።

ሁለት ሴንሰር አንድ ላይ አለመሥራታቸው የአድራሻ ጉዳይ ነው፤ ሁሉም ሲነሡ አድራሻቸው በሄክስ (በ16 መሠረት ባለው አቆጣጠር) 29 ነው። የኤክስሸት ፒኖቻቸውን በየራሳቸው የአርዱኢኖ ፒን ላይ አስሮ ሁሉንም ዝቅ በማድረግ ማስተኛት፣ አንዱን ቀስቅሶ አዲስ አድራሻ መስጠት፣ ከዚያ ሁለተኛውን መቀስቀስ። አዲሱ አድራሻ ኃይል ሲቋረጥ ስለሚጠፋ ይህ በእያንዳንዱ መነሻ ላይ መደገም አለበት።

ምላሽ 16 እና 17

አሥራ ስድስተኛው ለእጁ ተመላሽ ብርሃንን የሚለካው ቲሲአርቲ5000 ይበቃል፣ ዋጋውም ትንሽ ነው አለ። አሥራ ሰባተኛው ወዲያው ቆረጠው፤ የዚያ ዕቃ ምልክት የሚበረታው በ2.5 ሚሊ ሜትር ላይ ነው፣ ከ15 ሚሊ ሜትር ወዲያ ለእጅ አይታመንም፤ ብዙ ጊዜ የሚውለው ለመሥመር ተከታይ ሮቦት ነው፣ የመረጃ ወረቀቱን ሳያነቡ መምከር ሰውን ማሳሳት ነው። ቃሉ ጠንካራ ቢሆንም ይዘቱ ልክ ነበር። በቲቪ ሪሞት መቀበያ ተመሳሳይ ነገር ለመሥራት ለሚያስቡም አንድ መስመር አስቀመጠ፦ ቲኤስኦፒ38238 ሳያቋርጥ የሚመጣን የ38 ኪሎ ኸርዝ ብርሃን እንደ ጫጫታ ቆጥሮ ያፍነዋል፤ ለዚህ ሥራ የተሠራው ቲኤስኤስፒ4038 ነው።

ምላሽ 18

አሥራ ስምንተኛዋ ያነሣችው ነጥብ በዚህ መድረክ ብዙ ጊዜ የሚታለፍ ነው። የተመለሰውን የብርሃን መጠን ብቻ የሚለኩ ሴንሰሮች ወሰናቸው በነጭ ወረቀት ወይም በፈካ ቆዳ ላይ ከተስተካከለ ጥቁር እጅን ሊያልፉት ይችላሉ። ቆዳን የሚያጠቁረው ሜላኒን የሚታየውን ብርሃን በብርቱ ይውጣል፤ ወደ 940 ናኖሜትር ሲደርስ ልዩነቱ በጣም ይጠባል፣ ግን ጨርሶ አይጠፋም። ስለዚህ ወሰኑን ቧንቧውን በሚጠቀሙት ሰዎች እጅ፣ በደረቅም በእርጥብም፣ እንዲሁም ጥቁር ጓንት አድርጎ ማስተካከል ያስፈልጋል። ቪኤል53ኤል0ኤክስ ጊዜን ስለሚለካ በዚህ ይሻላል፤ እሱም ቢሆን የሚደርስበት ርቀት በገጹ ይወሰናል። ቤት ውስጥ 88 በመቶ የሚመልስ ነጭ ገጽ በ2 ሜትር ሲታየው፣ 17 በመቶ የሚመልስ ግራጫ ገጽ የሚታየው በ80 ሴንቲ ሜትር ገደማ ነው። ውጭ፣ በደመና ቀን እንኳ፣ ቁጥሮቹ ወደ 80 እና 50 ሴንቲ ሜትር ይወርዳሉ። ለ15 ሴንቲ ሜትር እጅ ይህ ከበቂ በላይ ነው። ማጠቢያው የሚያብለጨልጭ ብረት ከሆነ ሴንሰሩን ወደ ብረቱ ሳይሆን አግድም ማዞር፣ ከ4 እስከ 15 ሴንቲ ሜትር ያለውን ብቻ መቀበል፤ ለመክፈት ሦስት ተከታታይ ንባብ፣ ለመዝጋት 1 ሰከንድ መጠበቅ።

ምላሽ 19

አሥራ ዘጠነኛው ስለ 12 ሜትሩ ሽቦ መለሰ። እንደ ቪኤል53ኤል0ኤክስ ያሉ ሴንሰሮች ከቦርዱ ጋር የሚነጋገሩበት የአይ2ሲ መሥመር አጠቃላይ 400 ፒኮ ፋራድ ብቻ ነው የሚችለው፤ ለአንድ ቦርድ ውስጥ ግንኙነት የታሰበ እንጂ ጣሪያ ድረስ የሚዘረጋ አይደለም። ለሮቶው አርዱኢኖ ናኖ እዚያው ሮቶው አጠገብ ማስቀመጥና ቁጥሩን ምልክትን በረጅም ሽቦ ለመላክ በሚያገለግለው ኤምኤኤክስ485 ቺፕ፣ በተጠማዘዘ የኔትወርክ ሽቦ ወደ ታች መላክ ይሻላል። በሴንሰሩ ኃይል መግቢያ ላይ 100 ማይክሮ ፋራድ ካፓሲተር ማሰር ደግሞ ግዴታ ነው ማለት ይቻላል፤ ረጅም ሽቦ ላይ ቮልቴጁ በእያንዳንዱ ምት ሲወርድ ንባቡ ይዘልላል።

እዚህ ላይ ሁለት ሰዎች ስለ ፀሐይ ፓነልና ስለ ባትሪ መጠን ረጅም ወሬ ጀመሩ፤ ለራሱ ክር የሚበቃ ስለሆነ አልፌዋለሁ።

ምላሽ 20

የመጨረሻው መልስ የአምስተኛዋ ጸሐፊ ነው፤ የጠያቂውን ልኮች ይዛ ቁጥሮቹን አወጣችለት። ሴንሰሩ ከሮቶው አፍ 25 ሴንቲ ሜትር ከፍ ብሎ ስለሚቀመጥ ባዶው ሮቶ 175 ሴንቲ ሜትር ይነበባል። ፓምፑ በ110 ይጀምር፣ በ35 ይቁም። በመሃሉ ያለው 75 ሴንቲ ሜትር የሮቶው እኩሌታ፣ 1,000 ሊትር ገደማ ነው፤ ፓምፑ በደቂቃ 40 ሊትር የሚያወጣ ከሆነ 25 ደቂቃ ይወስዳል። ስለዚህ ኮዱ ፓምፑ ከ35 ደቂቃ በላይ ያለማቋረጥ እንዳይሠራ ይከልክል፤ ያን ያህል ቆይቶ ካልሞላ ወይ ከታች ውሃ የለም፣ ወይ ቱቦ ፈሷል። አሥር ተከታታይ ንባብ 0 ከመጣ ፓምፑ ይጥፋ፣ ቀይ መብራት ይብራ፣ ሰው መጥቶ እስኪያየው ራሱ አይነሣ። በመጀመሪያው ሳምንት ኮንታክተሩን ሳያገናኙ በእሱ ቦታ ኤልኢዲ አስረው፣ ኤልኢዲው የሚበራበትንና የሚጠፋበትን ሰዓት ሮቶው ውስጥ በእንጨት ከተለካው የውሃ ቁመት ጋር እንዲያመሳክሩ መከረች።